የሙላት ራስ በየሐሙሱ

ፎቶ ቤቴን የዘጋሁ ሰሞን ደባርቅ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ መንገድ ላይ ያቆመኝ ጀመር። «ጋሽ ፈንታ፣ ይቺን ትንሽ አቅላልኝ።» «ጋሽ ፈንታ፣ ይሄን ቦርጭ አጥፋልኝ።» ሥራ አቁሜአለሁ ብል የሚሰማኝ የለም። ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው እንጂ ለፎቶ አንሺ የለም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የጡረታ ደብተር የለኝም። ያለኝ የጎበጠ ወገብና ከጨለማ ክፍል ይዤው የወጣሁት ሳል ነው። ቢሆንም አንድ ነገር እወቁልኝ፤ እኔ በፎቶ ላይ ሰው ማሳመር ካቆምሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ለምን እንዳቆምሁ፣ ካቆምሁ በኋላም ሙላት የሚባል ራሰ በራ ሰው ዓመት ሙሉ እንዴት ደሜን ሲያፈላው እንደኖረ አንዴ ልናገርና ይውጣልኝ።

ሥራውን የጀመርሁት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። እስከዚያ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርሁ፤ መንግሥቱ ሲሄድ ማኅበሩም፣ ወንበሬም፣ ማኅተሜም አብረው ሄዱ። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ የእጅ ጽሑፌን አይተው፣ «እጅህ አይንቀጠቀጥም፤ ና፣ እርሳስ ላስይዝህ» አሉኝ። የምን እርሳስ እንደሆነ እንኳ አልገባኝም ነበር።

እርሳሱ ነጌቲቭ የሚነካበት ነው። የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ጋሽ ደምሴ መስኮቱ ላይ በተገጠመ ደብዛዛ መስታወት ላይ ያስቀምጡታል፤ ከኋላው የጧት ብርሃን ይገባል። እርሳሳቸውን በምላጭ ቀርጸው ሲያበቁ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ እሾህ ያሳክሉታል፤ ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ ወጋ አድርገው ይሞክሩታል። በነጌቲቩ ላይ የጎደጎደ ጉንጭ በእርሳስ ሲሞላ ወረቀቱ ላይ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ሽብሽብ ይጠፋል፤ የከሳ ሰው ይወፍራል። በልጅነታቸው ደረስጌ ማርያም የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ማሕሌት እያንጎራጎሩ ነው የሚሠሩት። እኩለ ቀን ሲሆን እርሳሱን ያስቀምጣሉ፤ ዓይን ከደከመ በኋላ የተሠራ ፊት ያስታውቃል ይላሉ። የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ከመበጥበጣቸው በፊት እንደ ሐኪም እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ «ፎቶው ለማን ነው?» ብለው ነው። ለእናት ከሆነ መብራቱን ከፊት ያደርጉታል፤ ለእጮኛ ከሆነ እርሳሱ ብዙ ይሠራል፤ ለቢሮ ከሆነ እርሳሱ ከመሳቢያው አይወጣም። እኔ ጥያቄውን ለወግ ያህል የሚጠይቁት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ለዕቃ ጎንደር ወርደው ብቻዬን ሳለሁ ከዳባት ገጠር ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ ሴት መጡ። እህቶቻቸውና እናታቸው ቀደም ብለው እስራኤል ገብተዋል፤ እሳቸው ባላቸውን ሲያስታምሙ ቀርተው፣ ባላቸው ሲሞቱ ነው የመሄዱን ጉዳይ የጀመሩት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ዕለት ለማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ከግራ ጆሯቸው እስከ አገጫቸው የወረደ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረባቸው፤ ሰው እንዳያይባቸው በሻሻቸው ሊሸፍኑት ሲሞክሩ አየሁና አንጀቴን በሉት። አነሣኋቸው፤ በማግስቱ ግማሽ ቀን ሙሉ ተቀምጬ ያን ጠባሳ በእርሳስ አጠፋሁት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሊወስዱ ሲመጡ ፎቶውን ብዙ አዩት። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እትዬ።»

ወስደው ሄዱ። ከወራት በኋላ ተመለሱ። ማመልከቻቸውን የተቀበለው ሰው ፎቶውን አይቶ፣ እሳቸውን አይቶ፣ ይቺ ሌላ ሴት ናት ብሎ ወረቀቱን መልሶባቸዋል። ጋሽ ደምሴ ባሉበት ፊቴ ቆመው፣ ጣታቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ጠባሳዬ ምን አደረገህ?» አሉኝ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏቸውና ራሳቸው መብራቱን ወደ ጎን አዙረው፣ ጠባሳው ቁልጭ ብሎ እንዲታይ አድርገው አነሷቸው። ግን የተመለሰ ጉዳይ ከሰልፉ መጨረሻ ነው የሚጀምረው። ሁለት ዓመት አለፈ። ወይዘሮ ብርቄ ተሳክቶላቸው ሲሄዱ እናታቸው እዚያው ተቀብረዋል። በሕይወት ሳሉ አልደረሱባቸውም። እኔ ከዚያ ወዲያ እርሳሱን አልነካሁም። ጋሽ ደምሴም ንካ አላሉኝም።

እሳቸው ሲሞቱ ማስፋፊያ ማሽናቸውንና መስታወቱን ወረስሁ። ባለቀለም ፊልም መጣ፤ ፊልሙን ሰብስበን በሚኒባስ ጎንደር እየላክን ማሳጠብ ሆነ ሥራችን። ዳባት ሁለተኛ ቤት ከፍቼ በሁለት ዓመቱ ዘጋሁት። ዲጂታል መጣ፤ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ጨለማ ክፍሉ የድንች ማስቀመጫ ሆነ። ደንበኛዬ ሁሉ «ይሄን አጥፋልኝ፣ ያን ጨምርልኝ» ሲል አይሆንም ስለምል፣ ግትሩ ፈንታ የሚል ስም ወጣልኝ። ከዚያ ሁሉም ሰው ካሜራ ያለው ስልክ ገዛና እኔ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ የምፈለግ ሰው ሆንሁ።

ሙላት የመጣው በዚህ ጊዜ፣ ልዘጋ ዓመት ከምናምን ሲቀረኝ ነው። ሙላት ተራራውን ለሚያዩ እንግዶች በቅሎና አብሳይ የሚያዘጋጅ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ የታወቀ የደባርቅ ሰው ነው። ስሙ ሙላት ይሁን እንጂ ራሱ ከግንባሩ እስከ አናቱ ባዶ ነበር። ኮፍያ ሳያደርግ ያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዳባት ትዕግሥት የምትባል አስተማሪ አጭቶ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጧት የጃኬቱን ቆብ አፍንጫው ድረስ ስቦ ገባና መጋረጃውን ራሱ ዘጋው።

«ጋሼ፣ የሚያዩትን ለማንም እንዳይናገሩ።»

«ሰው ገድለህ ነው?»

ቆቡን ቀስ አድርጎ አወረደው። ዓይኖቹ አብጠው ተጨፍነዋል ማለት ይቻላል፤ ግንባሩ እንደ ሊጥ ተነፍቷል። ከግንባሩ ጀምሮ አናቱ ድረስ ቀይ ቆዳ ላይ ተልባ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጥቃቅን ጥቁር ቅርፊት፣ በመቶ የማይቆጠር። ዞር ሲል ደግሞ ከኋላ ማጅራቱ ድረስ ቆዳው በወስፌ የተወጋ ይመስላል። ቃጠሎ መሰለኝ። አይ፣ ቋቁቻ ነው አልሁ በልቤ፤ ደግሞ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ምን ነክቶህ ነው?»

«ተተክሎ ነው ጋሼ።»

«ምኑ?»

«ጠጉር።»

ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ ነው። ከኋላ ካለው ጠጉር አንድ በአንድ ከነሥሩ ነቅለው፣ ፊት በተበሳው ቀዳዳ አንድ በአንድ ተክለውለታል። እናቱም እጮኛውም አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ሐኪሞቹ በየሳምንቱ ፎቶ ላክልን ብለውታል፤ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከኋላ፤ ያው ብርሃን፣ ያው ርቀት። የገዛ አናቱን በስልክ ማንሳት አቅቶታል፤ እናቱን እንዳይጠይቅ፣ ከተመለሰ ጀምሮ እንዳያዩት ክፍሉን ዘግቶባቸው ነው የሚያድረው።

«ፎቶው ለማን ነው?» አልሁት።

«ለሐኪሙ፤ ነገርሁዎት እኮ።»

«እንግዲያው ያለውን ነው የማነሣው።»

ወንበሩ የሚቆምበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ መብራቱን በነጭ ጨርቅ ጋረድሁ። ሳነሣው ስልኩ ጮኸ። ትዕግሥት ናት፤ ፊቱን ማየት ፈልጋለች። «ኔትወርኩ አይችልም» አላት፤ ቀጥሎ «ጉንፋን ይዞኝ ነው ድምፄ» አላት። ከጥያቄዋ በፊት መልሱን እያሰናዳ ነበር። የእኔ ጉዳይ አይደለም ብዬ መብራቱን አስተካከልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብናገር ቀኑ ይመሻል። በየሐሙሱ ይመጣል የተባለ ሰው ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ቅዳሜም መምጣት ጀመረ። እጁ ከራሱ አይወርድም። ያሳክከዋል። «እጅህን አውርድ!» እያልሁ ጉሮሮዬ ነቃ። ከሐኪሞቹ የተሰጠው ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ አለ፤ ልጁ ከእንግዳ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወራ የሚውል ሰው ነው፣ ግን አላነበበውም። መዝገበ ቃላት ይዤ ያነበብሁት እኔ ነኝ። አረፋ ቀብተህ ጠብቅ ይላል፤ በጥፍር አትንካ ይላል፤ ፀሐይ አይንካህ፣ ጠባብ ኮፍያ አታድርግ ይላል። ቅርፊቱ በሁለተኛው ሳምንት በራሱ ይራገፋል ይላል።

ተራገፈም። ከሥሩ አጭር አጭር ጠጉር ታየ፤ ገና የተላጨ ምልምል ወታደር መሰለ። ያን ሐሙስ መስታወቴ ፊት ቆሞ እንቢ አልወጣም አለኝ፤ ጉርድ ፎቶ የሚፈልጉ ሰዎች ደጅ ቆመው። አንድ ሳምንት ደስታ አየሁበት። በቀጣዩ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ከች አለ። ሲፈታው ጠጉር ነው።

«ተበላሁ ጋሼ! ሁሉም ረገፈ። እነዚህ ሰዎች ሌቦች ናቸው።»

መመሪያውን ከመሳቢያ አወጣሁ። «እዚህ ላይ ምን ይላል?»

«የተተከለው ጠጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፣ ሥሩ ይቀራል፣ ከወራት በኋላ ይበቅላል ይላል።»

«ታዲያ?»

«እንደዚህ ይረግፋል አላሉኝማ!»

ምን ልበለው? አምስቱን ፎቶ አነሣሁና ላክሁለት። እኔ እንደነገርሁት፣ ታገሥ የሚል መልስ ከሐኪሞቹ መጣ። እኔ ስለው የማያምነው ሰው ያንኑ በባዕድ ቋንቋ ሲነግሩት አመነ።

በአምስተኛው ሳምንት ግን የእውነት ነገር መጣ። ገብቶ እንደወትሮው አልተነጫነጨም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አናቱን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ። ከአናቱ ትንሽ ወረድ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ቀልቷል፤ መግል የያዙ ብጉሮች ወጥተውበታል። እጄን ሳስጠጋው ሙቀቱ ሳልነካው ተሰማኝ።

«ምን አድርገህ ነው?»

እንግዶች ይዞ ተራራው ላይ ወዳለው ቡይት ራስ ወጥቷል። ብርዱን አልቻለም፤ ራሱንም ሰው እንዳያይበት ፈልጓል። ሦስት ቀን ሙሉ ጠባብ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ፣ አድርጎትም ተኝቶ ነው የወረደው።

አንስቼው ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍት ከኋላዬ ቆመ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ይቺን ቦታ ያጽዱልኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ኮፍያ ካደረግህ ዋስትናው ይሰረዛል ብለዋል። ይሄን ካዩ ያውቁብኛል። ባይበቅል እንኳ ደግመው አይሠሩልኝም። በኮምፒውተር ሁለት ደቂቃ አይፈጅብዎትም፤ እኔም አውቃለሁ።»

እውነት ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጋሽ ደምሴ ግማሽ ቀን የሚጎብጡበትን ዛሬ የኮምፒውተሩ ማውስ ይጨርሰዋል።

«አላደርገውም» አልሁት።

«ራሱ እኮ የእኔ ነው!» ጮኸብኝ።

«ፎቶው ደግሞ የእኔ ነው። ሐኪሙ አገርህ የለ፣ ራስህን አይዳስስ፤ ያለው ዓይን ይሄ ነው። ዓይኑን ላጥፋበት?»

ኮፍያውን አንስቶ ሊወጣ በሩ ጋ ደረሰ። ያን ጊዜ ነው ለማንም አውርቼው የማላውቀውን የወይዘሮ ብርቄን ነገር የነገርሁት። ልመክረው ብዬ አይደለም፤ ከንዴት ነው የወጣኝ። ሙላት የበሩን እጀታ ይዞ እስክጨርስ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ይላኩት» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

መላኩም ቀላል አልነበረም። ኔትወርኩ ግማሽ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ከጧት ጀምረን ከሰዓት በኋላ ነው የሄደልን። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ቆስሏል፣ አትጭመቀው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ስለ ዋስትና አንዲት ቃል የለበትም። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን እንደነበር እስካሁን አይገባኝም።

እዚሁ ደባርቅ ታከም ብለው፣ እናቴን የማያውቅ ነርስ የለም ብሎ እምቢ አለ። ፎቶ ቤቱን ዘግቼ በሚኒባስ ጎንደር ይዤው ወረድሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጠጉሩ ሲያወራኝ ዳባትን ስናልፍ ብቻ ጎንበስ ብሎ ዝም አለ፤ ትዕግሥት እንዳታየው። የቆዳ ሐኪሙ አመሻሹ ላይ አይቶት፣ «ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ሥሩን ጨርሶ ይበላው ነበር፤ ከኋላ የተነቀለው ደግሞ አይተካም» አለው። ሙላት ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ አመሰግናለሁ አላለኝም። መድኃኒቱን ተቀበለና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቅባት ይሸታል?» አለኝ።

ቁስሉ ዳነ። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ምንም የማይሆንበት ጊዜ። ወር፣ ሁለት ወር፣ ባዶ ራስ። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ቀላ ያለ ባዶ ራስ። በየሐሙሱ አምስት ፎቶ፣ በየሐሙሱ ያው።

«አለ?»

«የለም።»

«አጉልተው ይዩት እስቲ።»

«አጉልቼ ነው የማየው! ከዚህ በላይ ላጉላው ብል አጥንትህን ነው የማየው።»

በአራተኛው ወር አንድ ሐሙስ እንደልማዴ ሰልችቶኝ ሳገላብጥ፣ ከግንባሩ ጠርዝ ላይ ጥላ መሰለኝ። አጎላሁት። ጥላ አይደለም። የሕፃን ጠጉር የመሰለ፣ ቀጭን፣ ጠምዘዝ ያለ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ያለፈውን ሳምንት ፎቶ አጠገቡ ከፈትሁ፤ እዚያ የለም፣ እዚህ አለ። በሥራ ዘመኔ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሕፃን አንስቻለሁ፤ እንደዚያ ዓይኔ እንባ ያቀረረበትን ቀን አላስታውስም። «ሙላት፣ ና እይ!» ብዬ ጮህሁ።

መጥቶ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። ብዙ አየው። «ቀጭን ነው እኮ ጋሼ» አለኝ።

ልመታው ነበር፤ እግዜር ነው የያዘኝ።

ጠጉሩ ወፈረ። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ሳሳ ብሎ ቀረ እንጂ ሌላው ግንባሩ ድረስ ሞላ። ሰው ሲጠይቀው ሻምፖ ቀይሬ ነው ይላል። በዓመቱ ሠርጉ ደረሰ። ፎቶውን ማን አነሣ መሰላችሁ? ከጎንደር የመጡ፣ በሰማይ የሚበር ካሜራ የያዙ ልጆች። እኔ እንደ ማንኛውም ሰው ተጠርቼ፣ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ በላሁ። ለሙሽራይቱ ሲያስተዋውቀኝ፣ «እዚህ ፎቶ ቤት የነበራቸው ናቸው» አላት። ገና አልዘጋሁም ነበር እኮ።

ከሠርጉ በሁለተኛው ወር፣ የእውነት ልዘጋ ዕቃ ስሰበስብ ሙላት መጣ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ሊሸጡት ነው አሉ። ያን ፎቶ ሁሉ ያጥፉልኝ።»

ይሄን እንኳ አልተቃወምሁትም። ሐኪሙ አይቶታል፤ ከእንግዲህ ራሱም ጉዳዩም የእሱ ነው። ማሽኑ ቀርፋፋ ስለሆነ ከፍቼ ገና ስንጠብቅ መጋረጃው ተገለጠና ትዕግሥት ገባች። ተከትላው መምጣቷ ነው።

ሰላምታዋን ለእኔ ሰጥታ ወደ እሱ ዞረች። «ከሠርጋችን በፊት በየሐሙሱ እዚህ ተዘግተህ ትውል እንደነበር ሰው ነግሮኛል። አሁንም ሳትነግረኝ ወጣህ። እዚህ ቤት ምንድን ነው ያለህ?»

ሙላት ዓይኑን ወደ እኔ ላከ።

«እኔን አትየኝ» አልሁት። «ሚስትህ ናት የጠየቀችህ።»

ላቡ በአዲሱ ጠጉሩ ሥር ሲወርድ አየሁት። ከዚያ፣ ይሄን አላምንም ነበር፣ ስክሪኑን ራሱ ወደ እሷ አዞረው። ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። አንድ በአንድ አየች፤ ያበጠውን ፊት፣ ቅርፊቱን፣ የረገፈውን፣ መግሉን፣ ያን ሁሉ ባዶ ሐሙስ። አንዴም አልሳቀችም።

«ራሰ በራ መሆኔን እንዳታውቂ ብዬ ነው» አላት፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ሙላት፣ ገና ሳንተጫጭ እኮ ዳባት መናኸሪያ ንፋስ ኮፍያህን ወስዶብህ ስትሮጥ አይቼሃለሁ።»

«አይተሽኝ ነበር?»

«መናኸሪያው ሁሉ አይቶሃል።»

አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም ከፍቼ ቀረሁ፤ ያን ሁሉ ሐሙስ አስቤ። ትዕግሥት ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመለሰች፤ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ግንባሩ ተነፍቶ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ እንደ ተማሪ የተቀመጠበትን። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ጋሼ፣ ሌላውን ያጥፉለት። ይቺን ግን ለእኔ ያጥቡልኝ።»

«ኧረ ትዕግሥት! እሷን አይሆንም!» አለ።

«ዝም በል» አልሁት እኔ። ማተሚያውን ከጠቀለልሁበት ካርቶን አውጥቼ ሰካሁት። ትልቅ አድርጌ አወጣሁላትና ፖስታ ውስጥ ከተትሁት። የቀረውን እሱ ራሱ እያጠፋ ሰዓት ፈጀበት።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ወደ ዳባት ሚኒባስ እየሄዱ ነው። ኮፍያ አላደረገም፤ ንፋሱ ጠጉሩን ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። ፖስታውን ስጪኝ እያለ በቀኟ ይዞራል፤ በነጠላዋ ሥር ወደ ግራ ታዛውረዋለች። በግራዋ ይዞራል፤ ወደ ቀኝ ትመልሰዋለች። «በቃ ለእናቴ እንዳታሳዪ!» ሲል ከሩቅ ይሰማኛል። ዓመት ሙሉ እኔን ሲነዘንዝ የኖረ ሰው፣ ከእንግዲህ የሚነዘንዛት ሌላ ሰው አገኘ ብዬ፣ በደስታ በሩን ቆለፍሁ።